ሦስት ርቀቶች፦ በጫካ መንገድ ላይ ብስክሌተኛና መርዛማ እባብ ሲገናኙ

መግቢያ

በደን ውስጥ በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከመርዛማ እባብ ጋር ሲገናኝ፣ የግንኙነቱ ውጤት የሚወሰነው በጥቂት ሜትሮችና በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው። ስለ እባብ ሲነሳ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው መርዙን ነው። መርዙ የሥነ ሕይወትና የሕክምና ጉዳይ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም መርዝ ወደ ሰው አካል የሚገባው የእባቡ ጥርስና የሰውየው እግር በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ብቻ ነው። ሁለት አካላት መቼና የት ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው የትምህርት ዘመኑ የሚያውቀው የእንቅስቃሴ ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በሦስት ርቀቶች ከፍለን እንመለከታለን። የመጀመሪያው ብስክሌተኛው እባቡን ከአካባቢው ለይቶ ማየት የሚችልበት ርቀት ሲሆን፣ የማየት ርቀት እንለዋለን። ሁለተኛው ብስክሌተኛው እባቡን ካየበት ቅጽበት አንሥቶ እስኪቆም ድረስ የሚጓዘው ነው፤ ይህን የመቆሚያ ርቀት እንለዋለን። ሦስተኛው እባቡ ራሱን ወርውሮ ሊደርስበት የሚችለው የመድረሻ ርቀት ነው። የማየት ርቀትን በዋናነት የሚወስነው ደኑ ነው፤ የመድረሻ ርቀትን የሚወስነው የእባቡ አካል ነው። የመቆሚያ ርቀት ግን በብስክሌተኛው እጅ ያለ ነው። የጽሑፋችንም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ቦታውና እባቦቹ

ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙትን የአፓላቺያ ተራሮች እንውሰድ። እነዚህ ተራሮች ቅጠላቸውን በየዓመቱ በሚያራግፉ ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች የተሸፈኑ ናቸው። በምዕራብ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የፒዝጋ ብሔራዊ ደን በተራራ ብስክሌት ነጂዎች ዘንድ በእጅጉ የታወቀ ነው። በእነዚሁ ደኖች ውስጥ ሁለት ዓይነት መርዛማ እባቦች ይኖራሉ።

አንደኛው ቲምበር ራትልስኔክ (በሳይንሳዊ ስሙ ክሮታለስ ሆሪደስ) የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በጅራቱ ጫፍ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ ደረቅ ቀለበቶች ስላሉት ሲያንቀጠቅጣቸው ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ኮፐርሄድ (አግኪስትሮዶን ኮንቶርትሪክስ) ነው። ይህኛው አነስ ያለ ሲሆን፣ ራሱ የመዳብ ቀለም አለው፤ በጀርባውና በጎኖቹ ላይም ወገቡ የቀጠነ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ ይደጋገማል። የኮፐርሄድ ንክሻ ብርቱ ሕመምና እብጠት ያስከትላል እንጂ ሰው የሚገድለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የቲምበር ራትልስኔክ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

በአሜሪካ በየዓመቱ ከ7,000 እስከ 8,000 የሚደርሱ ሰዎች በመርዛማ እባብ እንደሚነደፉና ከእነዚህ መካከል የሚሞቱት አምስት ያህል ብቻ እንደሆኑ የሀገሪቱ የጤና ተቋማት ይገልጻሉ። የሟቾቹ ቁጥር ይህን ያህል ያነሰው መርዙ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሆስፒታልና ፀረ መርዝ መድኃኒት በቅርብ ስለሚገኙ ነው። በዓለም ዙሪያ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑ ሰዎች በእባብ ንክሻ ሳቢያ ይሞታሉ።

የመጀመሪያው ርቀት፦ ማየት

እባብ ከሩቅ የማይታየው ትንሽ ስለሆነ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። ተጠቅልሎ የተኛ እባብ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል። ይህ ስፋት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሲታይ ከዓይናችን ጋር 1.4 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማዕዘን ይሠራል። ሙሉ ጨረቃ የምትሠራው ማዕዘን ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጤናማ የሰው ዓይን ደግሞ የአንድን ዲግሪ ስልሳኛ ክፍል እንኳ ለይቶ ማየት ይችላል። እንግዲህ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ እባብ ለዓይናችን ከጨረቃ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚሰፋ ነገር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አናየውም? ጨረቃን የምናያት ትልቅ ሆና ሳይሆን ከጥቁሩ ሰማይ ተለይታ ስለምትበራ ነው። እባቡ ግን ከተኛበት የረገፈ ቅጠል ጋር በቀለምም በብርሃንም ይመሳሰላል። ከዚህም በላይ በአካሉ ላይ ያሉት ደማቅና ፈዛዛ ቅርጾች የአካሉን ጠርዝ ይቆራርጡታል። አእምሯችን አንድን ነገር የሚለየው በአብዛኛው በጠርዙ በመሆኑ፣ ጠርዙ ሲጠፋ ነገሩም አብሮ ይጠፋል። በዛፎች መካከል ሾልኮ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን መሬቱን በብርሃንና በጥላ ስለሚያዥጎረጉረው ችግሩን ይብስ ያባብሰዋል። ጥቁር መነጽር አድርጎ ደን ውስጥ የሚነዳ ሰው ያለችውን ጥቂት ልዩነት ራሱ ይቀንሳታል።

በዚህ ላይ መንገዱ ራሱ አለ። በደን ውስጥ የሚሠሩ የብስክሌት መንገዶች ጠመዝማዛ ናቸው፤ ከኩርባው ባሻገር ያለው ነገር ኩርባው ሳይታለፍ አይታይም። ስለዚህ የማየት ርቀት በአንዳንድ ቦታ 30 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ቦታ ግን 10 ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሁለተኛው ርቀት፦ መቆም

የመቆሚያ ርቀት የሁለት ርቀቶች ድምር ነው። የመጀመሪያው ዓይን ካየበት ጊዜ አንሥቶ እጅ ፍሬን እስኪጨብጥ ድረስ የምንጓዘው ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሰው መብራት ሲበራ አይቶ ቁልፍ ለመጫን የአንድ ሴኮንድ አምስተኛ ክፍል ያህል ይበቃዋል። በጫካ መንገድ ላይ ግን «ይህ ቅርንጫፍ ነው ወይስ እባብ?» የሚል ጥያቄ ስለሚኖር አንድ ሴኮንድ ብንወስድ ከእውነታው አንርቅም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብስክሌቱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጓዛል።

ሁለተኛው ፍሬን ከተያዘ በኋላ የምንጓዘው ርቀት ነው። ይህም ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ፍጥነቱ በሚቀንስበት መጠን እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ፍጥነቱ በራሱ የሚባዛ መሆኑ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

በደረቅና ጠጣር አፈር ላይ ፍጥነታችን በየሴኮንዱ በ4 ሜትር በሴኮንድ ይቀንሳል፣ በእርጥብ ቅጠል ላይ ደግሞ በየሴኮንዱ በ2 ሜትር በሴኮንድ ብቻ ይቀንሳል ብለን እንነሳ። በሜዳማ መንገድ ላይ የሚገኘው ውጤት የሚከተለው ነው።

በሰዓት 11 ኪ.ሜ. ገደማ (3 ሜትር በሴኮንድ)፦ በደረቅ አፈር 4.1 ሜትር፣ በእርጥብ ቅጠል 5.3 ሜትር
በሰዓት 18 ኪ.ሜ. (5 ሜትር በሴኮንድ)፦ በደረቅ አፈር 8.1 ሜትር፣ በእርጥብ ቅጠል 11.3 ሜትር
በሰዓት 27 ኪ.ሜ. (7.5 ሜትር በሴኮንድ)፦ በደረቅ አፈር 14.5 ሜትር፣ በእርጥብ ቅጠል 21.6 ሜትር
በሰዓት 36 ኪ.ሜ. (10 ሜትር በሴኮንድ)፦ በደረቅ አፈር 22.5 ሜትር፣ በእርጥብ ቅጠል 35 ሜትር

የማየት ርቀታችን 12 ሜትር በሆነበት ኩርባ ላይ በሰዓት 18 ኪ.ሜ. የሚነዳ ሰው በእርጥብ ቅጠልም ቢሆን ለጥቂት ይቆማል። በሰዓት 27 ኪ.ሜ. የሚነዳው ግን በደረቅ አፈር እንኳ ሊቆም አይችልም። ይህ ሰው እባቡን ቢያየውም ባያየውም ውጤቱ አንድ ነው።

መንገዱ ቁልቁል ሲሆን የመሬት ስበት ፍሬኑን ይሻማል። በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የፍጥነት መቀነሻው መጠን በ1 ገደማ ይጎድላል። በዚህም ምክንያት በሰዓት 18 ኪ.ሜ. የሚነዳው ሰው በእርጥብ ቅጠል ላይ ለመቆም 11.3 ሜትር ይበቃው የነበረው አሁን 17.5 ሜትር ያስፈልገዋል። ቁልቁለቱ በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በእርጥብ ቅጠል ላይ የጎማው ሰበቃና የስበት ጉተታ ሊተካከሉ ይቃረባሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍሬን ፍጥነት እንዳይጨምር ይከለክላል እንጂ አያቆምም።

«የፊት ፍሬን አጥብቄ ብይዝስ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለዚህም ወሰን አለው። የብስክሌተኛውና የብስክሌቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከፊት ጎማው የመሬት ንክኪ 0.6 ሜትር ወደ ኋላ ይገኛል ብንል፣ ፍጥነታችን በየሴኮንዱ ከ5.3 ሜትር በሴኮንድ በላይ እንዲቀንስ ማድረግ አንችልም። ከዚያ በላይ ከሞከርን የኋላ ጎማው ተነሥቶ በመሪው ላይ እንገለበጣለን። በቁልቁለት ላይ ወሰኑ ከዚህም ያንሳል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ፍሬን ሲይዙ ወገባቸውን ወደ ኋላና ወደ ታች የሚያደርጉት ይህን ማዕከል ለማራቅና ዝቅ ለማድረግ ነው።

መውደቅ ደግሞ በራሱ ቀላል አደጋ አይደለም። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚሆን ነጂ በሰዓት 36 ኪ.ሜ. ሲጓዝ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 4,250 ጁል ነው፤ በሰዓት 18 ኪ.ሜ. ሲጓዝ ግን የዚህ ሩብ ነው። እባቡን ለመሸሽ በድንገት ወደ ገደል ወይም ወደ ዛፍ የሚታጠፍ ሰው አነስተኛውን አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ ይገባል። እባቡ አጠገብ ቢወድቅ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጋፈጣል።

ሦስተኛው ርቀት፦ የእባቡ መድረሻ

እፉኝትና ዘመዶቹ ሲነድፉ ከኋላ ያለው አካላቸው መሬት ላይ ተደግፎ የፊተኛው ክፍል ብቻ ይወረወራል። ስለሆነም መድረስ የሚችሉት በአብዛኛው እስከ አካላቸው ርዝመት ሲሶ ወይም ግማሽ ድረስ ነው። 1.2 ሜትር ርዝመት ላለው ራትልስኔክ ይህ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እባብ ዘልሎ ሰው ላይ ይወጣል ወይም ብስክሌተኛን ያሳድዳል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ግን እባቡ እጅግ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ራትልስኔክና ኮተንማውዝ የተባሉት እባቦች ከተወረወሩበት ቅጽበት አንሥቶ ዒላማቸውን ለመንካት የሚወስድባቸው ጊዜ በአማካይ 70 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። የሰው ዓይን አንዴ ለመርገብ 200 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ የምንረዳው እባቡ ከተወረወረ በኋላ እግርን መሰብሰብ የማይቻል መሆኑን ነው። መከላከል የሚቻለው ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ60 ሳንቲ ሜትሩ ውጭ በመገኘት ብቻ ነው።

በውጭ ሀገር ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት ከብስክሌት ነጂ ጓደኞቼ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «እየነዳሁ ሳለሁ ሊነድፈኝ ይችላል ወይ?» የሚል ነበር። ጥያቄውን በስሌት እንመልከተው። የእባቡ መድረሻ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ የነጂው እግር በዚህ ክልል ውስጥ የሚያቋርጠው ርቀት ቢበዛ አንድ ሜትር ነው። በሰዓት 18 ኪ.ሜ. የሚነዳ ሰው ይህን በ0.2 ሴኮንድ ያልፈዋል። በእርጋታ የሚራመድ ሰው 0.7 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። እባቡ አጠገብ የቆመ ሰው ደግሞ እስኪሄድ ድረስ በክልሉ ውስጥ ነው። እባቡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከጠበቀ 0.2 ሴኮንድ ይበቃዋልና እየነዱ ማለፍ ፍጹም መከላከያ አይደለም። ሆኖም ከሦስቱ ሁኔታዎች እጅግ አደገኛው አጠገቡ መቆም፣ በተለይም ደንግጦ እግርን መሬት ማውረድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ሁለት መልክ አለው። መቆም የሚቻል ከሆነ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሜትር ሲቀር መቆምና እባቡ እስኪሄድ መጠበቅ፣ ወይም በሰፊው ዞሮ ማለፍ ነው። መቆም የማይቻል ከሆነ ግን መሪውን ሳያዞሩ፣ ሁለቱን ፔዳሎች አግድም አስተካክለው፣ እግርን ሳያወርዱ ከእባቡ በተቻለ መጠን ርቆ ማለፍና ከኋላ ለሚመጡት ወዲያውኑ ጮኾ ማስጠንቀቅ ነው። የመጀመሪያው ነጂ ያስደነገጠው እባብ ሁለተኛው ሲደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃልና።

እባቡ ምን ያውቃል?

እባብ የጆሮ ቀዳዳም ሆነ የጆሮ ታምቡር የለውም። የውስጥ ጆሮው ግን ከታችኛው መንጋጋው ጋር በአጥንት የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ በተባለው የፊዚክስ መጽሔት ላይ የታተመ አንድ ጥናት፣ መሬት ላይ ያረፈ የእባብ መንጋጋ በውኃ ሞገድ ላይ እንደምትናጥ ጀልባ በመሬት ሞገድ እንደሚናጥ በስሌት አሳይቷል። የመንጋጋው ቀኝና ግራ ክፍሎች ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሞገዱ ወደ ሁለቱ በሚደርስበት የጊዜ ልዩነት እባቡ የድምፁን አቅጣጫ ሊያውቅ ይችላል። በአየር የሚመጣ ዝቅተኛ ድምፅንም የራስ ቅሉ በመርገብገቡ እንደሚሰማው ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች አረጋግጠዋል።

የእግረኛ ኮቴ መሬቱን በየእርምጃው ይመታል። በአየር የተሞላ ጎማ ግን ለስላሳ መሬት ላይ በጸጥታ ይንከባለላል። ብስክሌተኛው ፈጣን በመሆኑም ሞገዱ ከደረሰ በኋላ ለእባቡ የሚተርፈው ጊዜ ያነሰ ነው። እባቡ እንደ እግረኛው ጊዜ ገለል የማለት ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ራትልስኔክና ኮፐርሄድ ተጨማሪ የስሜት አካል አላቸው። በዓይንና በአፍንጫ መካከል በሚገኝ ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም የማይወፍር ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። ይህ ሽፋን ከሞቃት አካል የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ሲቀበል ይሞቃል፤ ሙቀቱንም ነርቮች ወደ አንጎል ያስተላልፋሉ። የሰው ቆዳ ጨረሩን በብዛት የሚያወጣው 9.5 ማይክሮ ሜትር ገደማ በሆነ የሞገድ ርዝመት ነው። ለሥራው ተጠያቂ የሆነው የሴል በር ማንነት እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀ ሲሆን፣ ግኝቱ ከተገኘባቸው ቤተ ሙከራዎች የአንዱ መሪ ዴቪድ ጁልየስ ስለ ሙቀትና ንክኪ ስሜት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ራትልስኔክ አደጋ ሲሰማው ጅራቱን ያንቀጠቅጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዚህ ወገን የሆነ አንድ እባብ ሰው ሲቀርበው ንቅናቄውን እስከ 40 ኸርዝ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨምርና በድንገት ወደ 60–100 ኸርዝ ይዘላል። ሰሚው በዚህ ዝላይ ተታልሎ እባቡ ካለበት ይልቅ የቀረበ ይመስለዋል። ነገር ግን የነፋሱ ሹክሹክታና የኋላ ጎማው መንኮራኩር ቅጭልጭልታ ይህን ማስጠንቀቂያ በቀላሉ ሊሸፍኑት ይችላሉ። በጆሮው ሙዚቃ ሰክቶ የሚነዳ ሰው ደግሞ የተፈጥሮን ደወል በገዛ እጁ ዘግቷል። ኮፐርሄድ እንዲህ ያለ ደወል ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ መተኛትን ይመርጣል።

እባቡ ለመንከስ የሚቸኩል ፍጡር አለመሆኑም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በዱር ያሉ የኮተንማውዝ እባቦችን በሰው ሠራሽ እጅ ሲይዟቸው እንኳ የነከሱት ከግማሽ በታች ነበሩ።

እባቡ ለምን መንገድ ላይ ይተኛል?

እባብ የአካሉን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው። ጥርት ባለ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር መሬት ከፀሐይ እስከ 1,000 ዋት ገደማ ይቀበላል። ጥቅጥቅ ባለ የደን ጥላ ሥር ግን የሚደርሰው የዚህ ጥቂት መቶኛ ነው። ብስክሌት እንዲያልፍበት ሲባል ዛፍ የተመነጠረበት ጠባብ መንገድ በዚህ ጥላ መካከል የተከፈተ የፀሐይ መስኮት ነው። የተጠቀጠቀው አፈርና ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ የሰበሰቡትን ሙቀት እስከ ምሽት ያቆያሉ። ስለዚህ በቀዝቃዛ ጠዋት ፀሐይ የመታው ኩርባ፣ በሞቃት ወራት ደግሞ ምሽቱ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በተለይ ኮፐርሄድ በሞቃት ወራት ሌሊት ስለሚንቀሳቀስ ያለ ጠንካራ መብራት በጨለማ መንዳት የማየት ርቀትን በእጅጉ ያሳጥራል።

ከብስክሌት ከወረዱ በኋላም ጥንቃቄው ይቀጥላል። ቲምበር ራትልስኔክ አድፍጦ ሲያድን ብዙ ጊዜ ከወደቀ ግንድ አጠገብ ተጠቅልሎ አገጩን በግንዱ ላይ ያሳርፋል፤ በግንዱ ላይ የምትሮጠውን አይጥ ይጠብቃል። ብስክሌቱን ተሸክሞ ግንዱን የሚሻገር ሰው ማዶውን ሳያይ እግሩን የሚያሳርፈው እዚያው ነው። ስለዚህ በግንድ ላይ ወጥቶ ማዶውን ካዩ በኋላ ማለፍ፣ ጎማ ለመጠገን ወይም ለማረፍ ሲቆሙም ቦታውን በዓይን መፈተሽ፣ እጅንም በድንጋይ ሥር አለመስደድ ተገቢ ነው።

ቢነድፍስ?

ተነዳፊው በቅድሚያ ከእባቡ መራቅ አለበት። እባቡን ለመግደል ወይም ለመያዝ መሞከር ሁለተኛ ንክሻ ከመጋበዝ በቀር ጥቅም የለውም፤ የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ሊነክስ ይችላል። ቀጥሎ ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ እብጠቱ ሳይጀምር ይወልቃሉ። የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፤ የተነደፉበት ሰዓት ይመዘገባል፤ የእብጠቱ ጠርዝ በየጊዜው በእስክርቢቶ ይሰመርበታል። ከሁሉም በላይ ግን በአፋጣኝ ወደ ሆስፒታል መድረስ ነው። ጓደኛ ካለ እርዳታ ይጥራ፤ ብቻውን ያለና ስልክ የማይሠራለት ሰው ደግሞ ሳይሮጥ፣ በእርጋታ ሰው ወዳለበት ይሂድ።

ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በረዶ ማድረግ፣ አልኮል መጠጣትና በአፍ መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳሉ እንጂ አይረዱም። መርዝ ይመጣል ተብሎ በሚሸጥ መሣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሙከራ ተደርጎ ነበር። መርዝ መሰል ፈሳሽ በፈቃደኞች እግር ውስጥ ተወግቶ በመሣሪያው ሲመጠጥ የወጣው ከ10,000 እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ ሆነ። መርዙ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ወዲያው በሥጋው ውስጥ ስለሚሠራጭ፣ ከላይ የሚደረግ መምጠጥ አይደርስበትም።

ከእነዚህ እባቦች ንክሻ ከአራት አንዱ ገደማ መርዝ የማይወጣበት ደረቅ ንክሻ ነው። ሆኖም ተነዳፊው ይህን በራሱ ሊያውቅ ስለማይችል ሁልጊዜ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። የተረጋገጠው ሕክምና ፀረ መርዝ መድኃኒት ነው። ይህም ከ1890ዎቹ ጀምሮ አልቤር ካልሜትና ሌሎች ተመራማሪዎች ባዳበሩት መንገድ፣ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከተሰጣቸው እንስሳት ደም የሚዘጋጅ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ በጫካ ውስጥ ብስክሌት ለመዝናኛ የሚነዱ ሰዎች ገና ጥቂት ናቸው። ደኖቻችን ግን የራሳቸው እባቦች አሏቸው። በአፍሪካ በስፋት የሚገኘው እፉኝት (ቢቲስ አሪዬታንስ) ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባለበት መተኛትን የሚመርጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደገለጸው አድፍጦ ሲተኛ ሠልጥነው የሚፈልጉት ውሾች እንኳ በሽታ ሊለዩት አልቻሉም። በደቡብ ምዕራብ ደጋማ ደኖቻችን ከሌላ ሀገር የማይገኘው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ ይኖራል። በባሌ የሐረና ደን የተገኘው ዘመዱም እ.ኤ.አ. በ2016 ቢቲስ ሐረና ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህ የአፍሪካ እፉኝቶች ከላይ የተጠቀሰው የሙቀት ጉድጓድ የላቸውም።

በዓለም ላይ በእባብ ከሚነደፉት ብዙዎቹ ድሃ ገበሬዎች፣ እረኞችና የገጠር ልጆች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም የእባብ መርዝን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ መድቦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እስከ 2030 ድረስ ሞትንና አካል ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። ብስክሌት የሌለው እረኛም ቢሆን በእነዚሁ ሦስት ርቀቶች ይገዛል። ሌሊት ባትሪ የሚይዝ ሰው የማየት ርቀቱን ያረዝማል። በሣር መካከል ቀስ ብሎ የሚራመድ የመቆሚያ ርቀቱን ያሳጥራል። ጫማ የሚያደርግና ፊት ፊቱን በበትር የሚፈትሽ የእባቡን መድረሻ ከቆዳው ያርቃል። የመድኃኒቱ በቅርብ መገኘት ግን በግለሰብ ጥንቃቄ የሚፈታ አይደለም፤ የጤና ሥርዓቱን ሥራ ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ሴቷ ቲምበር ራትልስኔክ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ሲሞላት ነው፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ አትወልድም። ስለዚህ በጎማ የተደፈጠጠች አንዲት እናት በቀላሉ አትተካም። ፍጥነትን መግታት የሚጠቅመው ለብስክሌተኛው ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስገነዝበናል።

እባቡ የሚደርስበት ግማሽ ሜትር አይረዝምም፤ ኩርባውም ለእኛ ሲል ቀጥ አይልም። የሚለወጠው በፍሬኑ ላይ ያሉት ጣቶቻችን የሚወስኑት ፍጥነት ነው። በማየት በምንችለው ርቀት ውስጥ መቆም በምንችልበት ፍጥነት እንንዳ። ይህን ሕግ የሚያከብር ነጂ እባቡን ከሩቅ አይቶ፣ ቆሞ፣ መንገዱን አቋርጦ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ሲገባ ይመለከተዋል፤ ከዚያም ጉዞውን ይቀጥላል።